ሰገራን መቆጣጠር ለተሳናቸው የሚሰጠው የነርቭ ማነቃቂያ ሕክምና

ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ከሚነገርለት በላይ የተስፋፋ የጤና ችግር ነው። በአሜሪካ በየቤታቸው በሚኖሩ አዋቂዎች ላይ የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከመቶ ሰዎች ስምንቱ ያህል በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ሰገራ ወይም ንፍጥ መሰል ፈሳሽ እንደሚያመልጣቸው አሳይቷል። ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ድርሻው ወደ 15 ከመቶ ከፍ ይላል። በሴቶችና በወንዶች መካከል ያለው ልዩነትም ብዙዎች እንደሚገምቱት ሰፊ አይደለም።

ችግሩ የገጠመው ሰው ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ኑሮውን ማጥበብ ይጀምራል። ለቅሶ ቤት ብዙ አይቀመጥም፤ ቅዳሴ ላይ በሩ አጠገብ ይቆማል፤ ውዱእ በተደጋጋሚ ስለሚፈርስበት ከጀመዓ ሶላት ይቀራል፤ ረጅም ጉዞ ካለበት ከዋዜማው ጀምሮ እህል አይቀምስም። ሐኪም ዘንድ ሲቀርብም «ሆዴን ያመኛል» ወይም «ተቅማጥ አለብኝ» ብሎ ያልፈዋል። ሐኪሙም የሚያክመው የተነገረውን ስለሆነ ዋናው ችግር ሳይነካ ዓመታት ያልፋሉ።

ለዚህ ችግር ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ምት ነርቭን ማነቃቃት ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይከናወናል። አንደኛው ከወገብ በታች ባለው አጥንት በኩል ለሚያልፈው ነርቭ ምት የሚሰጥ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና ከቆዳ ሥር መቅበር ነው። ሁለተኛው በቁርጭምጭሚት አካባቢ በሚገባ ቀጭን መርፌ አማካይነት ለእግር ነርቭ ምት መስጠት ነው። ሁለቱ በስም ቢቀራረቡም ጥናት ያረጋገጠላቸው ውጤት ግን በጣም የተራራቀ ነው። ሕክምናውን ለሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ልዩነት ነው።

ሰውነት ሰገራን የሚይዝበት መንገድ

ሰገራን መያዝ የብዙ አካላት የጋራ ሥራ ነው። ሬክተም የሚባለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል እየሞላ ሲሄድ ግድግዳው ይለጠጣል፤ መለጠጡንም ነርቮች ለሕብለ ሰረሰርና ለአንጎል ያሳውቃሉ። የፊንጢጣን ቀዳዳ ሁለት ቀለበት መሰል ጡንቻዎች ይከቡታል። የውስጠኛው ከሰው ፈቃድ ውጭ ቀንና ሌሊት ተኮማትሮ ይኖራል። የውጭኛው ሰው ሰገራው መጥቶበት ሲቸገር በፈቃዱ የሚያጠብቀው ነው። ከእነዚህ ከፍ ብሎ ደግሞ ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት ተነሥቶ አንጀቱን በስተኋላ እንደ ወንጭፍ የሚያቅፍ ሌላ ጡንቻ አለ። አንጀቱን ወደ ፊት ስቦ ስለሚያጥፈው ሰገራው በቀጥታ እንዳይወርድ ያግዳል።

በዚህ አሠራር ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀው ክፍል ሰው ሳያውቀው በቀን ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ነው። የውስጠኛው ቀለበት ለአፍታ ይላላል። በዚያች አፍታ የፊንጢጣን መተላለፊያ የሚሸፍነው ስሜተ ስሉ ቆዳ የመጣው አየር፣ ፈሳሽ ወይም ጠጣር መሆኑን ይለያል። ሰው በጉባኤ መካከል ተቀምጦ ያለ ስጋት አየር ማሳለፍ ወይም መያዝ የሚችለው ይህ መረጃ በትክክል ስለሚደርሰው ነው። መረጃውን ከሚያመላልሱት ነርቮች ዋነኞቹ ከወገብ በታች ባለው ሦስት ማዕዘን አጥንት፣ ማለትም በሳክረም ቀዳዳዎች በኩል የሚወጡት ናቸው።

እንግዲህ ጉድለቱ ከእነዚህ በአንዱ ወይም በብዙዎቹ ላይ ሊደርስ ይችላል። በወሊድ ጊዜ ቀለበቱ ይቀደዳል ወይም ነርቩ ከመጠን በላይ ይለጠጣል፤ ጉዳቱም አንዳንድ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው እናቲቱ ካረጠች በኋላ፣ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ነው። የስኳር ሕመም ነርቭን ያዳክማል። የኪንታሮት ቀዶ ሕክምና፣ የአከርካሪ ጉዳት፣ ለሬክተም ካንሰር የተደረገ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ሌሎቹ ምክንያቶች ናቸው። በተለይ በአረጋውያን ዘንድ በተደጋጋሚ የሚሳተው ደግሞ የቆየ ድርቀት ነው። የደረቀው ሰገራ አንጀቱን ዘግቶ ሳለ ፈሳሹ በጎንና በጎኑ ሾልኮ ይወጣል። ቤተሰቡ ተቅማጥ መስሎት ማስቆሚያ መድኃኒት ሲሰጥ ድርቀቱ ይብሳል።

በኢትዮጵያ በደንብ የሚታወቀውን ፊስቱላ ከዚህ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በተራዘመ ምጥ ሳቢያ በሬክተምና በብልት መካከል ቀዳዳ ሲፈጠር ሰገራ በዚያ በኩል ይፈስሳል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የከፈቱት ሆስፒታል ስሙን ያተረፈው የዚህ ዓይነት ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና በመጠገን ነው። የኤሌክትሪክ ምት ቀዳዳ አይደፍንም። ስለዚህ ከአስቸጋሪ ወሊድ በኋላ ሰገራ የሚያመልጣት ሴት በቅድሚያ ፊስቱላ ያለባት መሆን አለመሆኑን መመርመር ይገባታል።

ከመሣሪያው በፊት

ነርቭን ማነቃቃት የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም፤ እንዲሆንም አልታሰበም። ለብዙ ሰው ቀለል ያሉት እርምጃዎች ችግሩን ያቃልሉታል። ሰገራው በጣም ቀጭን ከሆነ ሎፔራማይድ የተባለው መድኃኒት ያጠነክረዋል፤ ድርቀት ካለ በተቃራኒው አንጀቱ እንዲጸዳ ይደረጋል። ቡና አንጀትን እንደሚያነቃቃ የታወቀ ስለሆነ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ የሚጠጣ ሰው መጠኑን ቀንሶ ለውጡን ሊመለከት ይችላል። በበርበሬ ወይም በወተት የሚብስባቸውም አሉ፤ ይህ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመተው አንድ በአንድ መሞከሩ የተሻለ ነው። የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየተመሩ ማጠንከርም የሕክምናው አካል ነው። ባዮፊድባክ በሚባለው ሥልጠና ታካሚው ጡንቻውን ሲያጠብቅና ሲያላላ ኃይሉን በስክሪን ላይ እያየ ይለማመዳል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልበቃ ሐኪሙ የቀለበቶቹን ኃይል በግፊት መለኪያ፣ ቅርጻቸውንም በአልትራሳውንድ ይመረምራል። ዕድሜው የፈቀደለት ሰው የአንጀት የውስጥ ምርመራም ሊታዘዝለት ይችላል። በሰገራ ላይ ደም መታየት ወይም ክብደት ያለ ምክንያት መቀነስ ካለ ይህ ምርመራ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ሰገራን መቆጣጠር ድንገት ተስኖ፣ አብሮት በመቀመጫና በጭን መካከል ያለው አካል ከደነዘዘ ወይም እግር ከዛለ ግን የነርቭ ሥሮች ተጨቁነው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ግድ ነው።

ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ኤርላንገን

የሳክረም ነርቭን ማነቃቃት የተጀመረው ለፊኛ ችግር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር ኤሚል ታናጎና ዶክተር ሪቻርድ ሽሚት በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ሽንት መቆጣጠር ለተሳናቸው ሰዎች ዘዴውን አዳበሩ። መሣሪያው ከተቀበረላቸው ታካሚዎች መካከል አንዳንዶቹ የአንጀታቸውም ሁኔታ መሻሻሉን ተናገሩ። ለሁለቱ ብልቶች ነርቭ የሚያቀብለው ቦታ አንድ ስለሆነ ነገሩ እንግዳ አልነበረም። በጀርመን ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የሆኑት ክላውስ ማትሰል ሐሳቡን ወስደው በሦስት ታካሚዎች ላይ ያገኙትን ውጤት በ1995 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ሦስት ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም መንገዱን የከፈተው ያ ጽሑፍ ነው። በብሪታንያ ናይስ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2004፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደግሞ በ2011 ዘዴውን ለሰገራ ችግር ተቀበሉት።

አስቀድሞ በራስ ላይ የሚፈተን ሕክምና

ይህን ሕክምና ከብዙ ቀዶ ሕክምናዎች የሚለየው፣ መሣሪያው ከመቀበሩ በፊት በታካሚው በራሱ ላይ ይሠራ እንደሆነ መፈተን መቻሉ ነው። ታካሚው በመጀመሪያ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይይዛል። ስንት ጊዜ አመለጠው፣ መምጣቱን አስቀድሞ አወቀ ወይስ አላወቀም፣ መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ መታገሥ ቻለ የሚሉትን ይመዘግባል። ከዚያ በሆዱ ተኝቶ፣ ሐኪሙ በራጅ እየተመለከተ ቀጭን መርፌ በሳክረም ሦስተኛ ቀዳዳ በኩል ያስገባል።

መርፌው ትክክለኛው ቦታ መድረሱ የሚታወቅበት ምልክት ለሰሚው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ምቱ ሲሰጥ በፊንጢጣ ዙሪያ ያለው ጡንቻ እንደ ወናፍ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ የእግር አውራ ጣትም ወደ ታች ይታጠፋል። ያልደነዘዘ ታካሚ በፊንጢጣው አካባቢ ቀላል የመደለቅ ስሜት ይሰማዋል። በመርፌው ምትክ ቀጭን ሽቦ ይቀመጥና ጫፉ ከሰውነት ውጭ ቀበቶ ላይ ከሚታሰር አነስተኛ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። ታካሚው ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደ ወትሮው እየኖረ ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ማስታወሻውን ይቀጥላል።

የሚያመልጠው ጊዜ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ ፈተናው እንደተሳካ ይቆጠራል። ያኔ የክብሪት ሳጥን የሚያህል ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ከልብ ምት ማስተካከያ ጋር የሚመሳሰል መሣሪያ በመቀመጫው ላይኛ ክፍል ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ካልተሳካ ሽቦው ይወጣና ነገሩ በዚያው ያበቃል። በሕይወት ዘመን ሙሉ የሚቀር ጠባሳ ወይም የተቆረጠ አካል አይኖርም። በዚህ ረገድ፣ ቀለበቱን መስፋትን ከመሳሰሉ ወደ ኋላ መመለሻ ከሌላቸው ቀዶ ሕክምናዎች ጋር ሲነጻጸር ለታካሚው ትልቅ ነፃነት ይሰጣል። ለዚህም ነው ማስታወሻውን በታማኝነት መያዝ የሚገባው፤ ሐኪሙን ለማስደሰት ቁጥሩን ያሳነሰ ሰው የማይጠቅመውን መሣሪያ ተሸክሞ ሊቀር ይችላል።

በአሜሪካ መሣሪያው ፈቃድ ያገኘበትና በ2010 ውጤቱ የታተመው ጥናት በ133 ሰዎች ላይ ፈተናውን አድርጎ ለ120ው መሣሪያውን ቀብሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ ከተከታተሉት መካከል 83 ከመቶው የሚያመልጣቸው ጊዜ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶላቸዋል፤ 41 ከመቶው ጨርሶ ማምለጡ ቆሞላቸዋል። በአማካይ በሳምንት ከ9 ጊዜ በላይ የነበረው ወደ 2 ጊዜ ገደማ ወርዷል። ይሁን እንጂ እነዚህ ቁጥሮች ፈተናውን ያለፉትን ብቻ የሚመለከቱ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም፤ በጥናቱም ውስጥ የማስመሰያ ሕክምና የተሰጠው ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። በሜልበርን፣ አውስትራሊያ የተካሄደውና በ2008 የወጣው ጥናት 120 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በመሣሪያው፣ ሌላውን በተሻለው የተለመደ ሕክምና ተከታትሏል። መሣሪያው የተቀበረላቸው በግልጽ ሲሻሻሉ ሌሎቹ ብዙም ለውጥ አላሳዩም።

ምቱ በምን መንገድ እንደሚሠራ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። መጀመሪያ ላይ ቀለበቱን ያጠነክራል ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የቀለበቱ ኃይል ብዙም ሳይጨምር የሚሻሻሉ ሰዎች አሉ፤ ቀለበታቸው በከፊል የተቀደደም ይጠቀማሉ። አሁን የሚያመዝነው አስተያየት፣ በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል የሚሰጠው ዝቅተኛ ምት ወደ ሕብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል የሚሄደውን መልእክት እንደሚያስተካክል፣ በዚህም የአንጀትን እንቅስቃሴና ስሜት እንደሚለውጥ ነው።

በቁርጭምጭሚት በኩል

ቀዶ ሕክምና ለማይፈልግ ሰው ሁለተኛው መንገድ የበለጠ የሚማርክ ነው። ቲቢያል የተባለው ነርቭ ከሳክረም አካባቢ ከሚነሡት ሥሮች የሚካፈል ሲሆን፣ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ጥቂት ጣቶች ከፍ ብሎ ወደ ቆዳ ይቀርባል። በዚያ ቦታ ቀጭን መርፌ ገብቶ ለ30 ደቂቃ ምት ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንታት ይደገማል። ዘዴውን ለሰገራ ችግር በመሞከር በ2003 መጀመሪያ ያሳወቁት በካይሮ ይሠሩ የነበሩት ግብፃዊው ሐኪም አሕመድ ሻፊቅ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የወጡ ማነጻጸሪያ የሌላቸው አነስተኛ ጥናቶች ተስፋ ሰጪ ነበሩ፤ በብዙ ክሊኒኮችም ዘዴው ተስፋፋ።

ጥያቄው በአግባቡ የተጠየቀው በብሪታንያ ነበር። በ17 የሆስፒታል ክፍሎች 227 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ እውነተኛውን፣ ግማሾቹ የማስመሰያውን ምት ወሰዱ። የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም ነበር። በ2015 በላንሴት የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ የሚያመልጣቸው ጊዜ ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው ከእውነተኛው ወገን 38 ከመቶ፣ ከማስመሰያው ወገን 31 ከመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አይበልጥም። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በ166 ሴቶች ላይ የተካሄደው ጥናትም በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አላገኘም።

ከማስመሰያው ሕክምና እንኳ ከሦስቱ አንዱ ያህል መሻሻሉ በራሱ ሊጤን ይገባል። በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር መገናኘት፣ ማስታወሻ መያዝ፣ ለዓመታት የተደበቀውን ጉዳይ መናገር ጥቅም ሳይኖረው አይቀርም። ነገር ግን ያን ጥቅም ለማግኘት መርፌውን በውድ ዋጋ መግዛት አያስፈልግም። በግል ክሊኒክ የቁርጭምጭሚት ሕክምና በሙሉ ዋጋ የሚቀርብለት ሰው እነዚህን ሁለት ጥናቶች ጠቅሶ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ከመሣሪያው ጋር መኖር

የሚቀበረው መሣሪያም ያለ ችግር አይደለም። በአሜሪካው ጥናት ከአሥር ሰዎች አንዱ ያህል ቁስሉ አመርቅዟል። መሣሪያው ያለበት ቦታ ሊያም፣ ሽቦው ከቦታው ሊንሸራተት፣ ምቱ ወደ እግር ሊሠራጭ፣ ለጊዜው የነበረው ጥቅም ሊጠፋ ይችላል። እነዚያኑ ታካሚዎች እስከ አምስት ዓመት የተከታተለው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ ከሦስቱ አንዱ በላይ መሣሪያቸውን ለማስተካከል፣ ለመለወጥ ወይም ለማውጣት ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። ባትሪው ሲያልቅ የሚለወጥ መሣሪያ ለጥቂት ዓመታት ያገለግላል። በቆዳ ላይ ሆኖ ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት እስከ 15 ዓመት እንዲያገለግል የተሠራ ነው፤ በምትኩ ታካሚው ቻርጅ ማድረጉን መዘንጋት የለበትም።

ምቱን ታካሚው ራሱ በትንሽ መቆጣጠሪያ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ዋናው ቅንብር ግን በሠለጠነ ባለሙያ ይስተካከላል። ከዚህ የተነሣ ክትትሉ ዕድሜ ልክ ነው። ወደ አገር ቤት ጠቅልሎ ለመመለስ የሚያስብ ወይም በሥራ ውል ከአገር አገር የሚዘዋወር ሰው፣ መሣሪያው ቢበላሽ ማን ያይልኛል የሚለውን ከመቀበሩ በፊት ማንሳት አለበት። ቀደም ያሉት መሣሪያዎች የተቀበሩላቸው ሰዎች ከጭንቅላት በቀር ሌላ አካላቸውን በኤምአርአይ መመርመር አይችሉም ነበር፤ አዳዲሶቹ በተወሰነ ሁኔታ ለመላ ሰውነት ይፈቅዳሉ። ሴት ከፀነሰች መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ እንዲጠፋ ይደረጋል። በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ የሚታይ የመታወቂያ ካርድም ይሰጣል።

በቀጠሮው ዕለት

በስደት አገር ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ። እናት ወይም አባት ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ ልጃቸው ነው፤ ይህን ጉዳይ ደግሞ በልጅ አፍ ማስነገር ለሁለቱም ይከብዳል። ልጁም አፍሮ ያለሳልሰዋል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ቋንቋውን ለማይችል ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። አስተርጓሚው በስልክ ሊሆን ይችላል፤ ሴት ወይም ወንድ እንዲሆን መጠየቅም ነውር የለውም። በሌሎች አገሮች ደንቡ ይለያያል፤ ቀጠሮው ሲያዝ መጠየቅ ይጠቅማል።

ለሐኪሙ የሚነገረው ቃል ግልጽ ሲሆን ምርመራው ያጥራል። «ሰገራ ሳላውቀው ያመልጠኛል» እና «ሲመጣ አውቀዋለሁ፣ ግን መጸዳጃ ቤት ሳልደርስ ይቀድመኛል» የሚሉት ሁለት አነጋገሮች ለሐኪም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ወደ ውስጠኛው ቀለበት ወይም ወደ ስሜት መጉደል፣ ሁለተኛው ወደ ውጭኛው ቀለበት ወይም ወደ አንጀቱ መቆጣት ያመለክታል። ማስታወሻውን በአማርኛ ጽፎ መሄድም ይቻላል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ጠጣር ወይስ ፈሳሽ፣ ታውቆ ወይስ ሳይታወቅ የሚሉትን አራት ዓምዶች አስተርጓሚው በጥቂት ደቂቃ ያነባቸዋል።